ጂጂ እና ቢል ላስዌል፦ የሁለት ሰው ሥራ

የካቲት 23 ሲደርስ ከልደታ እስከ ፒያሳ «አድዋ» የማይሰማበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። «ዓባይ»ም የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከመጣሉ አሥር ዓመት ቀድሞ ወጥቶ፣ ግድቡ ሲጀመር ለዚያው ቀን የተዘፈነ ይመስል በየመድረኩ ተከፈተ። ሁለቱ ዘፈኖች በየበዓሉ ይሰማሉ፣ የእጅጋየሁ ሽባባው (የጂጂ) ስም ይነሣል፣ ጨዋታውም እዚያ ላይ ያበቃል። ሁለቱም ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውና «ጂጂ» የተባለው አልበም ውስጥ ያሉ ናቸው (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ያ አልበም ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ የቆየ ሥራ መነሻ ነበር። ሥራውን የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ የቻግኒዋ ጂጂ እና አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋችና ፕሮዲዩሰር ቢል ላስዌል። በትዳርም ተጣምረው ነበር። እነዚህ አልበሞች የአንዲት ድምፃዊት ሥራ ብቻ ተደርገው ሲሰሙ ግማሻቸው ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ አብረው የሠሩት ትልቁ ነገር በአማርኛ ዜማ ዙሪያ ቦታ ማስለቀቅ ነው፤ ይህንን ደግሞ አንዳቸው ያለ ሌላቸው አያደርጉትም ነበር።

ምን ዓይነት ቦታ እንደተለቀቀ ለማየት ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይጠቅማል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ የሌሊቱን የሙዚቃ ሕይወት አኮሰሰው፤ ትልልቆቹ የትንፋሽ መሣሪያ ክፍሎች እየተበተኑ ሄዱ፤ ካሴት ገበያውን ያዘ። በኋላም ኪቦርድና ድራም ማሽን የአንድ ሙሉ ባንድ ሥራ ይሠሩ ጀመር። ከዚያ የካሴት ዘመን የወጡ ድንቅ ዘፈኖች ብዙ ናቸው፣ ዘመኑን ማጣጣል አይገባም። ነገር ግን ቅንብሩ ሞልቶ የሚፈስ ነበር። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ሳክስፎኑ ይገባል፣ ሳክስፎኑ ሲያርፍ ኪቦርዱ ይሞላል፣ ዝምታ እንደ ስሕተት ይቆጠር ነበር።

ላስዌል የመጣው ዝምታን ከሚያውቅ ሙያ ነው። በ1983 የጃዝ ሙዚቀኛውን የኸርቢ ሃንኮክን አልበም «ፊውቸር ሾክ»ን ካዘጋጁት አንዱ ነው። በ1997 የቦብ ማርሊን ቅጂዎች ድምፁን ከሞላ ጎደል አስወጥቶ ከቤዝና ከማሚቶ እንደገና ሠራቸው፤ በዓመቱ የጃዙን ሰው የማይልስ ዴቪስን ቅጂዎች እንደገና አቀናበረ። ማርሊን ለዓለም ያደረሰው ክሪስ ብላክዌል ያቋቋመው የሙዚቃ አሳታሚ ፓልም ፒክቸርስ ጂጂን ሲያስፈርም አልበሙን ያዘጋጀው ላስዌል ነው። በአልበሙ ላይ የጃዝ ሙዚቀኞቹ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተዋል። እያንዳንዳቸው በስማቸው አዳራሽ የሚሞሉ ነበሩ፤ እዚህ ግን ገብተው ጥቂት ተናግረው ይወጣሉ። አማርኛው ሁልጊዜ ከፊት ነው።

«አድዋ»ን ቀረብ ብሎ መስማት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ስለ ጦር ሜዳ የሚዘፈን ዘፈን ከበሮና ፉከራ፣ ቀረርቶና መለከት ይጠብቃል። እዚህ ግን ከበሮው የለም። ከድምጿ ሥር ዝግ ያለ፣ ረጅም፣ የማይቸኩል ድምፅ ተዘርግቷል፤ እሷ በላዩ ላይ በእርጋታ ትናገራለች፣ ዛሬ ቀና ብላ የምትሄደው ሌሎች በከፈሉት ሕይወት መሆኑን ታስታውሳለች። ድሉ ከጩኸት ወደ ምስጋና የተዛወረው በግጥሙ ብቻ አይደለም። ቅንብሩ ዝም ባይል ኖሮ ግጥሙ ብቻውን ያንን ክብደት አይሸከምም ነበር። ግጥሙንና ዜማውን ያመጣችው ጂጂ ናት፤ ዝምታውን ደፍሮ የተወላት ላስዌል ነው።

ይህ አሠራር ከእኛ ዜማ ጋር ለምን እንደተስማማ ማስረዳትም ይቻላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው፤ ውበታቸው ያለው በድምፁ መንቀጥቀጥና መታጠፍ ላይ ነው። በላያቸው የምዕራቡን ኮርድ እየደራረቡ ሲጭኑባቸው ያ መታጠፍ ይታፈናል። የላስዌል ቤዝ ኮርድ አይደረድርም። አጭር ሐረግ ይይዝና ደጋግሞ ይመታዋል፣ ዜማው በላዩ ነፃ ሆኖ ይንሸራሸራል። በገና ሲደረደር የሚሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከታች የሚነዝር፣ የሚደጋገም ምት፣ ከላይ የሚተርክ ድምፅ። ላስዌል ወደዚህ የደረሰው ቤዝና ማሚቶን በሚያጎላው የጃማይካ ዱብ በኩል ይመስለኛል፤ ጂጂ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምራ ያደገች ናት። ሁለት መንገዶች አንድ ቦታ ተገናኙ።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል። ዜማው የሷ፣ ግጥሙ የሷ፣ ድምፁ የሷ ከሆነ ላስዌል አቀናባሪ ነው እንጂ እንዴት እኩል ባለቤት ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሴት ሥራ ለወንድ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ታይቷልና። መልሱ ያለው በአልበሞቹ ሽፋን ላይ ነው። በ2001 ስሙ «ጂጂ» ነው። በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ያንኑ አልበም በላስዌል እጅ እንደገና አቀረበው፤ ድምጿ ከሩቅ ብልጭ እያለ ይጠፋል፣ የሚቀረው ቤዙና ባዶው ቦታ ነው። ባዶው ቦታም ውብ ነው፤ ቅንብሩ ራሱን የቻለ ሐሳብ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በዚያው ዓመት «ዚዮን ሩትስ» ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» የሚል የጋራ ስም ነበር። በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» እንደገና በሷ ስም ወጣ። በመድረክ ተቀርጾ በ2010 የወጣው «ምስጋና ኢትዮጵያ» ደግሞ የላስዌልን ባንድ የማቴሪያልን ስም ይዟል። ሚዛኑ ወዲህና ወዲያ ባዘነበለ ቁጥር ስሙም አብሮ ተለዋውጧል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ ይህ ለፈረንጅ ጆሮ የተሠራ ሙዚቃ ነው፣ የኛን ወስደው ቀይጠው መለሱልን የሚል። የሁለቱ የመጀመሪያ አልበም አገር ቤት ሲደርስ ከለመድነው የራቀ በመሆኑ ማከራከሩ እውነት ነው። ለፈረንጅ ገበያ የታሰበ ቢሆን ግን ቀላሉ መንገድ በእንግሊዝኛ ማዘፈን ነበር፤ ዋናው ቋንቋ ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ፣ ከነቅኔው። ከሙዚቀኞቹ መካከልም የዋልያስ ባንዱ የሳክስፎንና የዋሽንት ተጫዋች ሞገስ ሀብቴ አለ፤ አቀናባሪው አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዮታ አለ። የሰባዎቹን የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ፣ ሞገስ፣ በውስጡ የተጫወተበትን ሥራ ባዕድ ማለት ይከብዳል።

«ዚዮን ሩትስ» ለዚህ ክርክር የተሻለው ምስክር ነው፣ ለእኔ ከአልበሞቹ ሁሉ ይበልጥብኛልም። የሰጠኝ አጣናው ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ አኮርዲዮን፣ የእጅ ከበሮ፤ ላስዌል ራሱ ጊታር ይዞ ከኋላ ተቀምጧል። «ባቲ ባቲ» የወሎን የቆየ ዘፈን ወስዶ ሳያስጌጥ ይተወዋል። ማሲንቆው ከድምጿ ጋር ይከራከራል፣ ይደርስባታል፣ ይለቃታል። ፕሮዲዩሰሩ ያደረገው ትልቁ ነገር አለመንካት ነው፤ አለመንካት ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ ከባዱ ውሳኔ ነው።

ሁሉም ሥራቸው እኩል አይደለም። «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ላይ የሕንድ ታብላ፣ የኤሌክትሪክ ጊታርና የኤሌክትሮኒክ ምት አንዳንዴ ተጨናንቀው ያንን በጥንቃቄ የተለቀቀ ቦታ መልሰው ይሞሉታል፤ ጂጂ ድምጿን ለማሰማት ስትገፋ የሚሰማባቸው ቦታዎች አሉ። ይህ ድክመት ግን የተነሣንበትን ሐሳብ ያጠናክረዋል። ድምጿ አልተለወጠም፣ ብቃቷም አልቀነሰም፤ ዙሪያው ሲጠብ ዘፈኑ ይከብዳል፣ ዙሪያው ሲሰፋ ይተነፍሳል።

እነዚህን ሥራዎች በሙሉ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ከ«አድዋ»ና ከ«ዓባይ» ባይጀምር ይሻላል፤ እነሱን አስቀድሞ ያውቃቸዋልና። «ዚዮን ሩትስ»ን ቀድሞ ይስማ፣ ከዚያ የ2001ዱን አልበም ከ«ጉድ ፈላ» ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳይዘልል፣ ከዚያ ወዲያው «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ»ን። የሬዲዮ አዘጋጆችም የካቲት 23 ቀን «አድዋ»ን ሲያሰሙ ከሥሩ የተዘረጋውን ያን ረጅም ድምፅ ያዘጋጀውን ሰው ስም አብረው ቢጠሩ፣ በሌላ ቀን ደግሞ የሰጠኝን ማሲንቆ ቢያሰሙን መልካም ነበር።