ዱር መንጥረው ከተማ ያቆሙ ሰዎች

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ያገራችንን ተረት ያልሰማ የለም። ይህን ቃል በሥራቸው ካስመሰከሩት ሰዎች መካከል በአሜሪካ አገር በሚሲሲፒ ግዛት ማውንድ ባዩ የምትባለውን ትንሽ ከተማ የቆረቆሩት ጥቁሮች ይገኛሉ። ከተማይቱ በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስትመሠረት የባርነት ቀንበር ከተሰበረ ገና 22 ዓመቱ ነበር። ታሪኳ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ነገር አለበትና፥ አንባቢ ሆይ፥ ሁለቱንም አብረን እንመልከት።

የከተማይቱ መሥራች አይዛያ ሞንትጎመሪ በ1847 በባርነት ተወለደ። ጌታው ጆሴፍ ዴቪስ፥ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የደቡቦች ፕሬዚዳንት የነበረው የጄፈርሰን ዴቪስ ታላቅ ወንድም ነው። የአይዛያ አባት ቤንጃሚን ለመርከብ የሚሆን መዘውር ቢፈለስፍ፥ ባሪያ ነውና የፈጠራ መብት አይገባውም ተብሎ ተከለከለ። ከጦርነቱ በኋላ ግን ይኸው ሰው የጌታውን ርስት በ300,000 ዶላር በዱቤ ገዝቶ፥ ነጻ ከወጡት ወገኖቹ ጋር ጥጥ ያለማ ጀመር። ዳሩ ግን ጎርፉና የጥጥ ዋጋ መውደቁ ዕዳውን ስላላስከፈሉት፥ እርሱ በ1877 ከሞተ በኋላ ርስቱ ወደ ዴቪስ ቤተ ሰብ ተመለሰ። ልጁም ዕዳው ያላለቀ መሬት የእንግዳ ማረፊያ እንጂ ቤት አለመሆኑን ተረዳ።

በዚያን ጊዜ አንድ የምድር ባቡር ኩባንያ በሐዲዱ ዳርና ዳር ሰፋሪ ይፈልግ ነበር። ቦታው ወባ የሞላበት ረግረግና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። አይዛያና ያክስቱ ወይም ያጎቱ ልጅ ዘመዱ ቤንጃሚን ግሪን ይህንን መሬት ገዙ፤ ሰፋሪዎቹም መጥረቢያቸውን ይዘው ገቡ። የቆረጡትን ግንድ እየሸጡ ኖሩ፤ በመነጠሩት ላይ ጥጥና በቆሎ ዘሩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን፥ ትምህርት ቤትና ሱቅ ተሠራ፤ በ1904 ቻርልስ ባንክስ ባንክ አቋቋመ። በ1907 ገደማ የሰፋሪዎቹ ይዞታ ወደ 30,000 ኤከር ደርሶ ነበር። በ1912 የጥጥ ፍሬ ዘይት መጭመቂያ ሲቆም ስመ ጥሩው መምህር ቡከር ዋሽንግተን ተገኝቶ መርቆታል። ከንቲባውም ዳኛውም ጥቁር ነበር።

አሳዛኙ ነገር እነሆ። በ1890 ሚሲሲፒ አዲስ ሕገ መንግሥት ለማውጣት ጉባኤ ሲጠራ፥ ከተወካዮቹ ሁሉ ጥቁሩ አይዛያ ብቻ ነበር። ጉባኤው ሁለት ዶላር የነፍስ ወከፍ ግብር ያልከፈለና ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ አንብቦ ወይም ሲነበብለት ተረድቶ ያላስረዳ አይመርጥም የሚል ደንብ አቀረበ። ደንቡ የታሰበው ጥቁሩን ከምርጫ ለማስወጣት መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። አይዛያ ግን ተነሥቶ ደንቡን ደገፈ። ነጮቹ ድምፃችንን ከወሰዱ መሬታችንን ይተዉልናል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ከወገኖቹ ብዙዎቹ ከሐዲ አሉት።

ከዚያ ወዲያ ከተማይቱ ቤቷን በገዛ እጇ ስትሠራ፥ አጥሯ የሆነው ሕግ በሌሎች እጅ ቀረ። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ግብር በግዛቱ ሸንጎ ሲመከር የማውንድ ባዩ ገበሬ ወኪል አልነበረውም። በ1914 ባንኩ ተዘጋ፤ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ሰው ወደ ሰሜን ተሰደደ። አይዛያ በ1924 ሞተ።

ይሁን እንጂ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና፥ በ1942 የታቦር ማኅበር የተባለው የጥቁሮች ዕድር በከተማይቱ ሆስፒታል አቆመ። አባሉ በዓመት አሥር ዶላር የማይሞላ መዋጮ ከፍሎ፥ ሲታመም በዋናው በር ገብቶ በራሱ ወገን ሐኪሞች ይታከም ነበር። የመጀመሪያው ዋና ቀዶ ሐኪም ዶክተር ሆዋርድ በ1951 የመምረጥ መብትን የሚጠይቅ ማኅበር መሠረተ፤ በየዓመቱም በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በማውንድ ባዩ ይሰበሰብ ጀመር። ወጣቱ ሜድጋር ኤቨርስ ኮሌጅ እንደጨረሰ ሥራ የያዘው በዚሁ ሐኪም የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። በ1955 የ14 ዓመቱ ልጅ ኤሜት ቲል በተገደለ ጊዜ፥ እናቱ ለፍርዱ መጥታ በጠመንጃ በሚጠበቀው በዶክተሩ ቤት አረፈች። ገዳዮቹ በነጻ ተለቀቁ፤ ዶክተሩም የግድያ ዛቻ ሲበዛበት አገሩን ለቀቀ። ሆኖም በ1890 የተነጠቀው የመምረጥ መብት በ1965 በወጣው ሕግ ተመለሰ።

እንግዲህ በአይዛያ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኛ በዚያ ረግረግ ውስጥ አልቆምንም። ነገር ግን በድምፅ የተገዛ ሰላም ጎተራውን ሊጠብቅለት አልቻለም። ድምፁን ለመመለስ የተነሡት ደግሞ እርሱ ባቀናው መሬት ላይ ቆመው ነው። ሆስፒታሉ በ1983 ቢዘጋም ማውንድ ባዩ ዛሬም አለች፤ በ2020 ቈጠራ ነዋሪዎቿ ወደ 1,500 ነበሩ። ለተማሪና ለወጣት ሹም የምትሰጠው ምክር አንድ ነው፤ መጥረቢያውንም ድምፁንም አንዱን ለአንዱ ሳትለውጥ ያዝ።