ለቫአድ ሆሪም መወዳደር የእኛም ድርሻ ነው

የትምህርት ዓመት በሴፕቴምበር 1 ቀን ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጆቻችን አንድ ወረቀት በቦርሳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ወይም በክፍሉ የዋትስአፕ ቡድን መልእክት ይደርሰናል። «አሴፋት ሆሪም» ይላል፤ የወላጆች ስብሰባ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ጽሑፉ በዕብራይስጥ ስለሆነ እናልፈዋለን፤ ወይም ከሥራ ደክመን ስለምንገባ «መምህሯ ታውቃለች» ብለን እንቀራለን። ይሁን እንጂ በዚያ ምሽት ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የክፍሉን የወላጆች ኮሚቴ መምረጥ ነው። ምርጫው ብዙ ጊዜ አይፈጅም። እጁን ያወጣ ይመረጣል፤ ያልመጣ ሰው ግን ሌሎች የወሰኑትን ይቀበላል።

ይህ ኮሚቴ «ቫአድ ሆሪም» ይባላል። አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ስለ ኮሚቴው ሲነገራቸው «ይህ ዕብራይስጥ ለሚያውቁ፣ አገሩን ለለመዱ ሰዎች ነው» ይላሉ። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ለመመረጥ የሚጠየቀው ዋናው ነገር የክፍሉ ተማሪ ወላጅ መሆን ነው። የቋንቋ ፈተና የለም፤ በአገሩ ይህን ያህል ዓመት የኖረ ይሁን የሚል ደንብም የለም። አገልግሎቱ በፈቃደኝነት ስለሆነ ደመወዝ አይከፈልበትም።

የአገር ቤት ልማድና የዚህ አገር ልማድ

በኢትዮጵያ ሳለን አባት ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ «ይቅጡልኝ፣ ያስተምሩልኝ» ብሎ ለመምህሩ አደራ ሰጥቶ ይመለስ ነበር። በመምህር ሥራ መግባት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። በኋላ ዘመን በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ወላጆች ደግሞ «ወመህ» የሚባለውን የወላጅና የመምህራን ኅብረት ያውቁታል። ስለዚህ የወላጅ ተወካይ መምረጥ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለመምህር ክብር መስጠት መልካም ልማድ ነው፤ እዚህም ሊቀጥል ይገባዋል። ልዩነቱ የዝምታ ትርጉም ላይ ነው። በአገራችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል፤ ዝም ያለ ሰው ጨዋ ነው። እዚህ አገር ግን «ሽቲካ ከሆዳአ» ይላሉ፤ ዝም ያለ እንዳመነ ይቆጠራል ማለት ነው። በስብሰባ የማይገኝ ወላጅ መምህሩን እንዳከበረ ሳይሆን ለልጁ ትምህርት ግድ እንደሌለው ሊታይ ይችላል። ይህ ደግሞ በእኛ ላይ ሲደርስ እጅግ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ለዓመታት ጠብቀን፣ ዘመድ ትተን ወደዚህ አገር ስንመጣ የልጆቻችን ዕድል ከፊታችን ነበረ።

ኮሚቴው እንዴት ይዋቀራል?

በመጀመሪያ የአንድ ክፍል ወላጆች ከመካከላቸው ጥቂት ሰዎች ይመርጣሉ። ይህ «ቫአድ ኪታ» ይባላል። ቀጥሎ የየክፍሉ ተመራጮች ተሰብስበው የትምህርት ቤቱን ኮሚቴ ያቋቁማሉ፤ ሰብሳቢም ይመርጣሉ። ከዚያ በላይ የከተማው የወላጆች ኮሚቴ አለ፤ እርሱ ከከተማው አስተዳደር ማለትም ከኢሪያ ጋር ይነጋገራል። በመጨረሻም በአገር ደረጃ ከትምህርት ሚኒስቴርና ከክኔሴት ጋር የሚነጋገር የወላጆች አመራር አለ። እንግዲህ መሰላሉ የሚጀምረው በዚያች ምሽት፣ በትንሿ የልጆች ወንበር ላይ ከተቀመጠው ወላጅ ነው።

ኮሚቴው ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

መምህር አይቀጥርም፤ አያባርርም። የፈተና ውጤት አያርምም። ስለ አንድ ተማሪ የግል ጉዳይም አይወስንም። እዚህ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቃላትን ማምታታት አይገባም፦ «ቫአድ» እና «ቫአዳ»። አንድ ልጅ የልዩ ትምህርት እርዳታ ይገባው እንደሆነ የሚመረምረው «ቫአዳት ዝካኡት ቬኢፍዩን» የተባለው ጉባኤ ነው። እዚያ ወላጅ ራሱ ተጠርቶ ይናገራል፤ በውሳኔው ካልተስማማም ይግባኝ ማለት ይችላል። የዚህ ጉባኤ ደብዳቤ ሲመጣ ሳይነበብ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም።

ቫአድ ሆሪም የሚነጋገርበት ግን የሁሉንም ልጆች ኑሮ የሚነካ ነው፦ የጉዞዎች ወጪ፣ የክፍል በዓላት፣ የመንገድ ደኅንነት፣ ከሰዓት በኋላ የሚሰጡ ትምህርቶች፣ በትምህርት ቤቱና በወላጆች መካከል ያለው ግንኙነት።

ከሁሉም በላይ የገንዘብ ጉዳይ አለ። ትምህርት በሕግ ነጻ ቢሆንም «ታሽሉሜ ሆሪም» የሚባል የወላጆች ክፍያ ይጠየቃል። የክፍያውን ጣሪያ በየዓመቱ የክኔሴት የትምህርት ኮሚቴ ያጸድቃል። ከዚህ ውስጥ ግዴታ የሆነው የተማሪዎች የአደጋ ዋስትና ክፍያ ነው። ለጉዞ፣ ለባህል ዝግጅትና ለመሳሰሉት የሚጠየቀው የፈቃድ ክፍያ ነው። ወላጅ አልከፈለም ተብሎ የልጁን የምስክር ወረቀት መያዝ አይፈቀድም። ሆኖም ይህን የማያውቅ ወላጅ ወይ ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይ አፍሮ ልጁን በጉዞው ዕለት ቤት ያስቀራል። በኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው ቢኖረን፣ ዋጋው ከመቆረጡ በፊት «ብዙ ልጆች ያሉት ቤተሰብስ? በመርካዝ ክሊጣ የሚኖረውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ማስፈቀድና መለመን ብቻ ነው።

ለምን በተለይ ለእኛ?

በ1980ዎቹ ዓመታት ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆች ወደ መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች እንዲገቡ ተደርጎ ነበር፤ ከወጣቶቹም ብዙዎቹ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አደጉ። ያን ጊዜ ውሳኔው የመጣው ከላይ ነበር፤ ወላጅ ገና ቋንቋውን ሳይለይ ልጁ የሚማርበት ቦታ ተወስኖ ነበር። በ2011 ደግሞ በፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ተማሪዎቹ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የኢትዮጵያ ተወላጆች ልጆች የሆኑበት አንድ ትምህርት ቤት ነበረና፣ ወላጆች «ልጆቻችን ከሌሎች ጋር ይማሩ» ብለው ለተቃውሞ ወጥተዋል። ተቃውሞ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ልጆች በየክፍሉና በየቡድኑ ሲደለደሉ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠይቅ ወላጅ ቢኖር ብዙ ነገር በንግግር ሊስተካከል ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች «እኔ ብናገር በልጄ ላይ ይደርስበታል» ብለው ይሰጋሉ። ይህን ሥጋት ሕጉም አስቦበታል። በ2000 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግ፣ ወላጅ ስላደረገው ወይም ስላላደረገው ነገር ልጁን መቅጣት ይከለክላል። ይኸው ሕግ ተማሪ ሲመዘገብም ሆነ በክፍል ሲደለደል በዘሩ ወይም በቤተሰቡ ኑሮ ምክንያት እንዳይለይ ይከለክላል።

«ዕብራይስጥ አልችልም» ለሚሉ

መጀመሪያ፣ ሁለት ሆኖ መወዳደር ይጠቅማል፤ ቋንቋውን የለመደ አንድ ወላጅና አዲስ የመጣ አንድ ወላጅ ተጋግዘው ሊሠሩ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በመርካዝ ክሊጣው አማርኛ የሚናገር መጋሸር ካለ ከስብሰባው በፊት ማነጋገርና እንዲገኝ መጠየቅ ይቻላል። ሦስተኛ፣ በዋትስአፕ የሚመጣውን ጽሑፍ በስልክ መተርጎሚያ ማስተርጎም ይቻላል፤ ትርጉሙ ያልተስተካከለ ቢሆንም ስለ ምን እንደሆነ ያስረዳል።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ልጅን በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አናድርግ። መምህሯ ስለ ልጁ የምትናገረውን ልጁ ራሱ ሲተረጉም፣ የሚያሳፍረውን ይዘለዋል፤ ከዚያም በኋላ በቤት ውስጥ አዋቂው እርሱ፣ ተመሪው ወላጅ ይሆናል። የወላጅነት ክብር የሚጎዳው እንዲህ ባለ ትንሽ በር ነው።

በስብሰባው ምሽት የሚያስፈልገው ንግግር አጭር ነው። ሴት «አኒ ሮጻ ሊህዮት ባቫአድ»፣ ወንድ «አኒ ሮጼ ሊህዮት ባቫአድ» ይበሉ፤ «በኮሚቴው ውስጥ መሆን እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ከዚያም ስማችሁንና የልጃችሁን ስም ተናገሩ። የሥራ ሰዓታችሁ ፈረቃ ከሆነ በየትኞቹ ምሽቶች እንደምትችሉ አስቀድማችሁ አስታውቁ። እናትም አባትም ሊወዳደሩ ይችላሉ።

ከተመረጡ በኋላ

እድር ያስተዳደረ፣ እቁብ የሰበሰበ፣ ጎረቤት ያስታረቀ ሰው የኮሚቴ ሥራ አያቅተውም። ገንዘብ በእምነት መያዝ፣ የተወሰነውን መጻፍ፣ የተጣላን ማግባባት ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ሙያ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ገንዘቡ ለምን ለምን ይውላል? መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ቅናሽ የሚጠየቀው ከማን ነው? ለወላጆች የሚላኩ ዋና ዋና ደብዳቤዎች በአማርኛ ሊደርሱ ይችላሉ ወይ? መልሱንም ወዲያው ለሌሎች የእኛ ወላጆች መንገር ያስፈልጋል፤ ተመርጦ ዝም ያለ ተወካይ ካልተመረጠ አይለይም።

በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት ሰግድ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው፤ በሔሽዋን 29 ይውላል። በዓሉ በትምህርት ቤት እንዲከበር መርዳት ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ነገር ግን ለሰግድ ዳቦ ለመጋገርና ቡና ለማፍላት ብቻ የምንጠራ ተወካዮች መሆን የለብንም። ዳቦውንም እንጋግር፤ ስለ ሒሳብ ትምህርት ቡድኖች፣ ስለ ጉዞው ዋጋና ስለ መንገዱ መብራትም እንናገር። የእኛ ልጅ ጉዳይ የክፍሉ ሁሉ ጉዳይ እንደሆነ፣ የጎረቤት ልጅ ጉዳይም የእኛ ነው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ የስብሰባው ወረቀት ሲመጣ ቀኑን ጻፉት፤ ከሥራ ቦታችሁም አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከመካከላችን ለመወዳደር የሚያፍር ሰው ካለ «አንተ ትችላለህ፣ አንቺ ትችያለሽ» ብለን ስሙን እኛው እንጥራ። በዚህ ዓመት ባይሳካ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ምርጫ አለ።