ክብደትን ከቁመት እንጂ ከውፍረት አትቀንሱ፦ ቀላልና የማይነቃነቅ ትራይፖድ ስለመምረጥ



ንግግሬን ከማዕድ ቤት ልጀምር። እናቶቻችን ድስት የሚጥዱት በሦስት ጉልቻ ነው። በሁለት ጉልቻ ድስት አይቆምም፤ በአራት ደግሞ መሬቱ ፍጹም ደልዳላ ካልሆነ አንዱ ጉልቻ ድስቱን ሳይነካ ይቀራል። ሦስት ነጥቦች ግን ምንጊዜም በአንድ ጠለል ላይ ስለሚያርፉ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም ድስቱ አይንገዳገድም። በተለምዶ ትራይፖድ የምንለው የካሜራ ማቆሚያ ሦስት እግር የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አለመንገዳገድ አንድ ነገር ነው፤ አለመንቀጥቀጥ ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ በራሴ ስሕተት ላስረዳ። ከዓመታት በፊት በላሊበላ የቤተ ማርያምን የጣሪያና የቅስት ሥዕሎች ለማንሣት ፈቃድ አግኝቼ ሄድሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ብርሃን በትንንሽ መስኮቶች የሚገባው ብቻ ነው፤ ፍላሽ ማብራት ደግሞ ለቆየ ሥዕል አይመከርም፣ ጸሎተኛውንም ያውካል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ 4 ሰከንድ ያህል ይፈልግ ነበር። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእጅ ይዘን ስናነሣ ከ1/50 ሰከንድ በላይ መቆየት ያሠጋል እንላለን፤ 4 ሰከንድ የዚህ 200 እጥፍ ነው። የያዝሁት ትራይፖድ ቀላልና ቀጭን ነበር። የመሃል ዘንጉን እስከ መጨረሻው አውጥቼ ሥራዬን ቀጠልሁ። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ ሁሉም ደኅና ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ በኮምፒውተር ሳየው ግን የቅዱሳኑ ዓይን ሁሉ ድርብ ሆኖ አገኘሁት። ያን የመስክ ሥራ ለመድገም ዕድል አላገኘሁም።

ጥፋቱን በክብደት ማነስ ላይ መጣል ይቀናል። ነገር ግን ክብደት ብቻውን ካሜራን አያረጋም፤ ካሜራውን የሚያነቃንቀው በዋናነት የእግሩ መለመጥ ነው። ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ መለመጥን የሚቋቋምበት አቅም ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ መለመጡ ደግሞ ከርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይጨምራል። በቁጥር እንየው። የግድግዳቸው ውፍረት እኩል የሆነ፣ አንዱ 22 ሌላው 28 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያላቸውን ሁለት ቱቦዎች ብናነጻጽር፣ ሁለተኛው በክብደት የሚበልጠው 27 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን በግትርነት ግን ከእጥፍ በላይ ነው። በሌላ በኩል የአንድን ቱቦ ርዝመት በአንድ አምስተኛ ብናሳጥር መለመጡ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ክብደቱም አብሮ ይቀንሳል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ክብደት መቀነስ ካለብን ከቁመት እንቀንስ እንጂ ከውፍረት አንቀንስ።

ታዲያ ምን ያህል ቁመት ይበቃል? ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ዓይኑ የሚገኘው በ1.60 ሜትር ገደማ ነው። ራሱና ካሜራው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጨምሩ፣ የመሃል ዘንጉ ሳይወጣ 1.40 ሜትር የሚቆም ትራይፖድ ይበቃዋል። የመሃል ዘንግ ሲወጣ ሦስት እግር የነበረው ነገር በአንድ እግር እንደቆመ ይሆናል። ዘንጉን 15 ሴንቲ ሜትር በማውጣትና 30 ሴንቲ ሜትር በማውጣት መካከል ያለው የመለመጥ ልዩነት ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ ዘንጉ አጭር የሆነውን ወይም ጨርሶ የሌለውን ምረጡ።

የእግሩ ክፍሎች ብዛትም ወሳኝ ነው። ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚገቡ በተጨመሩ ቁጥር የመጨረሻው እየቀጠነ ይሄዳል። ባለ አምስት ክፍል እግር ሲታጠፍ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ሲዘረጋ ግን መሬት የሚነካው እንደ ሸምበቆ የቀጠነው ጫፉ ነው። ለእግረኛና ለታክሲ ተሳፋሪ ባለ አራት ክፍሉ መልካም ማስታረቂያ ይመስለኛል። አንድ ክፍል ማስቀረት ከተቻለም ሳይዘረጋ የሚቀረው ቀጭኑ፣ የታችኛው ይሁን።

ስለ ማቴሪያል ባጭሩ፦ አሉሚኒየም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም፣ ካርቦን ፋይበር ደግሞ 1.6 ግራም ያህል ይመዝናል። ካርቦን ንዝረትን ፈጥኖ ያረግባል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ በስለታም ነገር ሲመታም ሊሰነጠቅ ይችላል። ገንዘብ ካነሰ ቀጭንና ረጅም ካርቦን ከመግዛት ወፍራምና አጠር ያለ አሉሚኒየም መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ራሱ ልሻገር። ባለ ኳስ ራስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ በአንድ መቆለፊያ ሁሉንም አቅጣጫ ይይዛል። ባለ ሦስት እጀታው ይከብዳል፤ ነገር ግን አንዱን አቅጣጫ ሲያስተካክሉ ሌላው አይናጋም። ሥዕልና ብራና ለሚያነሣ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለሌላው ሁሉ ጠንካራ ባለ ኳስ ራስ ይበቃል። አምራቾች የሚጽፉት የመሸከም አቅም ራሱ ሳይወድቅ የሚችለውን ክብደት ይነግራችኋል እንጂ ሳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን አይነግራችሁም፤ አለካኩም ከአምራች አምራች ይለያያል። ካሜራው የሚያርፍበት ፕሌት አርካ ስዊስ በሚባለው ቅርጽ የተሠራ ቢሆን ከብዙ ዕቃ ጋር ይስማማል።

እስካሁን የጠቀስሁት ላሊበላን ነው፤ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ግን ፈተናቸው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ካለ ፎቅ አናት ላይ ወጥታችሁ የቦሌን የምሽት ገጽታ ለማንሣት አስባችኋል እንበል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ሰማዩ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ መብራቱ የሚደምቅበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያች ሰዓት ነፋስ አለ፤ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተርም ወለሉን ያንዘፈዝፋሉ። ከፓምፑና ከታንከሩ ራቁ። የካሜራውን ማንገቻ ፍቱት፤ በነፋስ ሲርገበገብ ካሜራውን ይነቀንቃልና። ቦርሳችሁን በመሃል ማንጠልጠያው ላይ ስትሰቅሉ መሬት አስነኩት፤ አለዚያ እንደ ደወል እየተወዛወዘ ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል። መዝጊያውን በጣት ሳይሆን በጊዜ ቆጣሪ ልቀቁ። ምንጣፍ በተነጠፈበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እግሮቹን ጫን አድርጋችሁ አሳርፉ፤ ሹል ብረት ጫፍ ግን አትጠቀሙ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር ፈትሹ። መጀመሪያ እግሮቹን ሁሉ ዘርግታችሁ አናቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ ጠምዝዙት፤ እግሮቹ ሲጠማዘዙ ከታየ ተዉት። ቀጥሎ ከባዱን ሌንሳችሁን ገጥማችሁ አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥሩና ራሱን ቆልፉ፤ እጃችሁን ስትለቁ ነጥቡ ወደ ላይ ከሸሸ ሌንሱ እየወረደ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ምስሉን በካሜራው መስኮት ላይ አጉልታችሁ አንዱን እግር በጣት መታ አድርጉና ምስሉ እስኪረጋ ድረስ ቁጠሩ። ሁለት ትራይፖዶችን በዚህ መንገድ ብታወዳድሩ ከዋጋውም ከስሙም የተሻለ ምስክር ታገኛላችሁ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እውነት ነው፤ ትራይፖድ ጥሩ ዓይን የሌለውን ሰው ፎቶግራፍ አንሺ አያደርገውም። ሆኖም ጉልቻው ከተናጋ የጣፈጠውም ወጥ ይደፋል። ከቤት የቀረ ከባድ ትራይፖድ አይጠቅምም፤ ይዘነው የሄድነው ቀጭኑም፣ በእኔ እንደደረሰው፣ ያሳፍራል። በዓይናችን ልክ ያጠረ፣ በእግሩ የወፈረ፣ በትከሻችን የማይከብድ ምረጡ። የምታነሡት ቅርስ ነገ በዚያው መልኩ ላይጠብቃችሁ ይችላልና።