የርካሽ «ሃያ ሁለት» ጠብመንጃ ዒላማ መምታት እንዴት ይመዘናል

በተለምዶ «ሃያ ሁለት» እየተባለ የሚጠራው ትንሽ ጠብመንጃ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ገዢውም ብዙ የሆነ ዕቃ ነው። የሚተኩሰው «ሎንግ ራይፍል» የተባለው ጥይት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 በአሜሪካ የወጣ ሲሆን፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ባለው ጠርዝ ውስጥ ስለሚገኝ መርፌው የሚመታው መካከሉን ሳይሆን ጠርዙን ነው። ከርካሾቹ መካከል የማርሊን ፋብሪካ በ1960 ያወጣው «ሞዴል 60» እና የሩገር ፋብሪካ በ1964 ያወጣው «10/22» በአሜሪካ አገር ስማቸው የታወቀ ነው።

እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛ ነጋዴ ከሻጩ ከሚደርሰው ጽሑፍ ጋራ ብዙ ጊዜ አንድ የዒላማ ወረቀት ሥዕል ያገኛል። በወረቀቱ ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ተነካክተው ይታያሉ፤ ከሥራቸውም «ከ50 ያርድ ላይ ግማሽ ኢንች» የሚል ቃል ተጽፎአል። ነጋዴው ይህን ለደንበኛው ሲያስተላልፍ የፋብሪካው ቃል የራሱ ቃል ይሆናል፤ ደንበኛው ጠብመንጃውን ይዞ በተመለሰ ጊዜ የሚጠየቀው ባለሱቁ እንጂ በባሕር ማዶ ያለው ፋብሪካ አይደለምና። ስለዚህ ሥዕሉ ምን ያህል እንደሚያስረዳ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስረዳው እጅግ ጥቂት ነው። የጠብመንጃ ትክክለኛነት በተለምዶ የሚለካው እርስ በርሳቸው እጅግ በተራራቁት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ጥይቱ በበዛ ቍጥር ይህ ስፋት ያድጋል እንጂ አይጠብም። በሒሳብ እንደ ተረጋገጠው፣ ሦስት ሦስት ጥይት ሲተኰስ በአማካይ 20 ሚሊሜትር የሚሰጥ ጠብመንጃ፣ አምስት አምስት ሲተኰስ 25፣ ዐሥር ዐሥር ሲተኰስ ደግሞ 32 ሚሊሜትር ያህል ይሰጣል። ጠብመንጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የጥይቱ ቍጥር ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የሦስት ጥይት ምድብ በዕድል ይለዋወጣል፤ ያው ጠብመንጃ በአንድ ጧት 10 ሚሊሜትርም 35 ሚሊሜትርም ሊያሳይ ይችላል። ከሃያ ወረቀት አንዱን መርጦ የሚያሳትም ሻጭ ሐሰት አልተናገረም፤ ገዢው ግን የቀሩትን ዐሥራ ዘጠኙን አላየም። ቡና ላኪ ከጆንያ ሦስት ፍሬ አንሥቶ የዕቃውን ደረጃ እንደማይቈርጥ ሁሉ፣ በሦስት ቀዳዳም ጠብመንጃን መመዘን አይቻልም።

ርቀቱም ሊታይ ይገባል። አንዱ ሻጭ «ከ25 ያርድ ላይ 1 ኢንች»፣ ሌላው «ከ50 ሜትር ላይ 40 ሚሊሜትር» ቢሉ፣ የመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነውና። ነገር ግን 25 ያርድ ከ23 ሜትር ያነሰ ነው፤ ስፋቱም ከርቀቱ ጋራ ስለሚያድግ ይኸው አንድ ኢንች ከ50 ሜትር ላይ 55 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የጥይቱ ብዛት እኩል ከሆነ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ጥይቱን ነው። በጠርዝ የሚቀጣጠል ቀለህ በተራ ሰው ዘንድ እንደገና አይሞላም፤ ተኳሹ ፋብሪካው የሰጠውን ይተኩሳል። የቅመሙ መጠን፣ የባሩዱ ሚዛን ወይም የጠርዙ ውፍረት ትንሽ ከተለያየ የአረሩ ፍጥነት ይለያያል። መደበኛው አረር 2.6 ግራም ሲሆን በሴኮንድ 325 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱ በ10 ሜትር ቢቀንስ ከ50 ሜትር ላይ 8 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ከ100 ሜትር ላይ ይህ ልዩነት በአራት እጅ ያህል ይበዛል። «ፈጣን» እየተባለ የሚሸጠው ጥይት ደግሞ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይነሣና በመንገድ ላይ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ከመደበኛው ይልቅ ይበታተናል። አንድ ስም ያለው ጥይት እንኳ ከአንዱ የምርት ቍጥር ወደ ሌላው ይለያያል፤ ለዚህም ነው ኤሌይና ላፑዋ የተባሉት ፋብሪካዎች ተወዳዳሪዎች ጠብመንጃቸውን አምጥተው የሚስማማውን የምርት ቍጥር የሚመርጡበት የመሞከሪያ ስፍራ ያዘጋጁት። በውድድር የ50 ሜትር ዒላማ የዐሥር ነጥቡ ክብ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ርካሹን የሚገዛ ሰው ይህን አይፈልግም፤ የመጠጥ ቆርቆሮ ስፋቱ 66 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከ50 ሜትር ላይ ዐሥር ጥይት በ40 ሚሊሜትር ውስጥ የሚያሳርፍ ጠብመንጃ ይበቃዋል።

የርካሹ ጕድለት ደግሞ ሁልጊዜ በአፈ ሙዙ አይደለም። በፋብሪካ የሚቈጠበው ብዙ ጊዜ በሰደፉ እንጨት ወይም ፕላስቲክ፣ በምላጩ ክብደትና በማነጣጠሪያው ላይ ነው። ከባድ ምላጭ የሚያናውጠው ተኳሹን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የጠብመንጃው ጥፋት መስሎ ይታያል። የሰደፉ ብሎን መላላቱ ወይም የአፈ ሙዙ ጫፍ መጐዳቱም እንዲሁ ነው። እነዚህን ባለሱቁ ሳይተኩስ በዐይኑና በመፍቻው ሊመረምራቸው ይችላል።

ብዙ ዕቃ ከመታዘዙ በፊት ሙከራ የሚደረግ እንደ ሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጠብመንጃ ሳይመረጥ ይወሰድ፤ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በከረጢት አሸዋ ላይ ተደግፎ ከ50 ሜትር ይተኰስ። አንድ ሳጥን ብዙ ጊዜ 50 ጥይት ስለሚይዝ፣ ለእያንዳንዱ የጥይት ዐይነት አንድ ሳጥን አምስት የዐሥር ዐሥር ምድብ ያስገኛል። የጥይቱ ዐይነት በተለወጠ ጊዜ ቀድሞ የነበረው ቅባት ከአፈ ሙዙ እስኪወጣ ድረስ ከሌላ ሳጥን ጥቂት ጥይት ይተኰስ፤ ይህም በቍጥር አይገባም። የራቀ ቀዳዳ «ስሕተት ነው» ተብሎ አይተው። ለደንበኛው በሚሰጠው ጽሑፍም ላይ ርቀቱ፣ የጥይቱ ስምና የምርት ቍጥር፣ የአምስቱ ምድቦች አማካይ፣ ከሁሉ የሰፋውም ምድብ ጭምር ይጻፍ።