ከፍላሽ የሚነሳ ሁለተኛ ሲስተም

ዊንዶውስ አልነሳ ያለ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሲደርስ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ፎቶዎቹና ሰነዶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ የተበላሸው እነሱን የሚከፍተው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሊኑክስ የተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበት ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒውተሩን ከዚያ ማስነሳት ከተቻለ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህ የሚሆነው ኮምፒውተሩና ዊንዶውስ አንድ ነገር ስላልሆኑ ነው።

ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በድሮዎቹ ማሽኖች ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ራሙንና ሌሎቹን ክፍሎች ከፈተሸ በኋላ፣ በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት የሚነሳ ሲስተም ያለበትን ዲስክ ይፈልጋል። እንደ አምራቹ ኤፍ12 ወይም ሌላ ቁልፍ ተጭኖ ቅድሚያው ለዩኤስቢ ሲሰጥ፣ የውስጡ ዲስክ ሳይነካ ሌላ ሲስተም ይነሳል።

ይህን አሠራር በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ 2 ጊጋባይት ገደማ ሶፍትዌር አንድ 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ አጭቆ ይዟል። ሲዲው ላይ መጻፍ ስለማይቻል፣ ተጠቃሚው የሠራው ሁሉ ራም ላይ ይቆይና ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

በ2009 የወጣው ቴይልስ ይህንኑ ጠባይ ለጥበቃ አዋለው። ከ8 ጊጋባይት ፍላሽ የሚነሳው ይህ ሲስተም የኢንተርኔት ግንኙነቱን በሙሉ የተጠቃሚውን ማንነት በሚሰውረው የቶር መረብ ያሳልፋል፤ ሲዘጋም ራሙን ያጸዳል። የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያወጣው ኤድዋርድ ስኖውደንና በ2013 ምስጢሩን የተቀበሉት ጋዜጠኞች የተጠቀሙት በእሱ ነው።

የዕለት ሥራውን በውጭ ዲስክ መሥራት ለሚፈልግ ግን ርካሽ ፍላሽ አያዛልቅም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥቃቅን ፋይሎችን ያለማቋረጥ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ፍላሹ በዚህ ይዘገያል፣ ቶሎም ያልቃል። በዩኤስቢ 3.0 የሚሰካ ኤስኤስዲ ይሻላል፤ መስመሩ በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ሲያስተላልፍ የዩኤስቢ 2.0 ጣሪያ 480 ሜጋቢት ነው። ሲስተሙ ሲጫንም የማስነሻው ፕሮግራም የሚቀመጥበትን ዲስክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በስህተት የውስጡ ዲስክ ላይ ከሰፈረ፣ የውጩ ሲነቀል ላፕቶፑ አልነሳ ሊል ይችላል።

የውስጡ ዲስክ የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ በሆነው በቢትሎከር ከተቆለፈ ደግሞ ከፍላሽ የተነሳው ሊኑክስም ያለ ቁልፉ ፋይሎቹን ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ባለ 48 አሃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ላፕቶፑ ደኅና ሳለ ገልብጦ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው።