የቦታ ስም ታሪክ ይናገራል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ለልጅ እናትና አባት ስም ያወጣሉ። ለቦታ ግን ስም የሚያወጣ ማን ነው? ነዋሪው ሕዝብ ነው። ሕዝቡ ያየውንና የዋለበትን ነገር በስሙ ያስቀምጣል። ስለዚህ ፊደል የለየ ሰው ቦታንም ማንበብ ይችላል። እስቲ በአንድ መንገድ ዳር ያሉትን ስሞች አብረን እናንብብ።

መንገዱ ከደሴና ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው ነው። ሰንዳፋን ስናልፍ ለገዳዲና ለገጣፎ ይመጣሉ። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ስሞቹ «እዚህ ወንዝ አለ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። በለገዳዲ ግድብ ተሠርቶ፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከዚያ ውሃ ይጠጣል።

ኮተቤን አልፈን ላምበረት እንደርሳለን። ቃሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ላም፣ በረት። ዛሬ ላምበረት መናኸሪያ ነው። አውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል፤ ረዳቱ ይጣራል፤ መንገደኛው ዕቃውን ይጭናል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ ይህ አገር ለብዙ ዘመን የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከተማው መጥቶ ሜዳውን ሸፈነው። ስሙ ግን ላሙንም በረቱንም አልረሳም።

ትንሽ ወረድ ብሎ መገናኛ አለ። መንገዶች የሚገናኙበት ነውና ስሙ ራሱን ይፈታል። ከዚያ በአያት መንገድ በኩል ጉርድ ሾላ ይገኛል። ሾላን የማያውቅ ገበሬ የለም። ጥላው ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ፍሬውን እረኛ ይበላል። «ጉርድ» ደግሞ የተቆረጠ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ባቡር ሥራ ሲጀምር፣ አንዱ ፌርማታ በዚሁ ስም ተጠራ። አያችሁ? የዛፍ ስም ባቡር ላይ ወጣ!

አሁን ደግሞ ከላምበረት ወደ ሰሜን ቀና በሉ። የየካ ተራራ ይታያል። ተራራውን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ነው። ይህም ስም ይነበባል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ማለት ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አጥታ ተቸግራ ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ከተማዋን ከችግር አወጣት።

በዚሁ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቶች የአብርሃና የአጽብሃ ሥራ ነው ይላሉ። አጥኚዎች ደግሞ ወደ ላሊበላ ዘመን ያስጠጉታል። በየትኛውም ቢሆን ከአዲስ አበባ እጅግ ይቀድማል። ላሊበላን ለማየት ብዙ ቀን የሚጓዝ ሰው፣ የዓለት ሥራ በከተማው ጫፍ መኖሩን ቢያውቅ ይገረማል። የዋሻ ሚካኤል ከፊሉ ፈርሷል። ዓለትም ቢሆን ዝናብና ሥር ይበላዋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ድንጋይ አይፈንቅል፤ ግድግዳው ላይም ስሙን አይጻፍ።

ዓለት ሲፈርስ በዓይን ይታያል። ስም ሲጠፋ ግን ማንም አያይም። ሾላው ይቆረጣል፤ በረቱ ይፈርሳል፤ ምንጩ ይደርቃል። የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው። የስሙን ምክንያት የሚያውቁት ሽማግሌ ሳይናገሩ ካረፉ፣ ታሪኩም አብሮ ይቀበራል። ድሮ «የሚጽፍ የለም» እንል ነበር። ዛሬ እርሳስ በእጃችሁ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይህ ነው፦

1. የመንደራችሁን፣ የወንዛችሁንና የተራራችሁን ስም ጻፉ።

2. ስሙ ለምን እንደ ወጣ ሁለት ሽማግሌዎችን ወይም ባልቴቶችን ጠይቁ። ቃላቸው ካልተስማማ ሁለቱንም ጻፉ።

3. የነገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ከሥር አስፍሩ።

4. የጻፋችሁትን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ደብተሩንም ዝናብ ከማይደርስበት ቦታ አኑሩት።