የእግር ዝሆኔ በዘር ይወረሳልን?

ሁለት ቤተ ሰቦች ልጆቻቸውን ለማጋባት ባሰቡ ጊዜ፣ ሽማግሌ ከመላኩ አስቀድሞ ዘር መቍጠር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እስከ ሰባት ቤት ተቈጥሮ የሥጋ ዝምድና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ጕዳዩ ገና አያልቅም። በይፋ የማይነገር፣ ከጆሮ ወደ ጆሮ የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «በዚያ ቤት ምን በሽታ አለ?» የሚለው ነው። ቀይ አፈር ባለበት አገር፣ በጎጃምም ሆነ በወላይታ፣ «አያቷ እግራቸው ዝሆኔ ነበር፤ አጎቷም እንደዚያው ናቸው» የሚል ወሬ ከተሰማ፣ ልጂቱ ምንም ጤነኛ፣ ምንም ባለሙያና ጨዋ ብትሆን፣ የተጀመረው ነገር በዚያው ይቀራል። ምክንያቱን ለልጂቱ የሚነግራት የለም፤ እርሷ ግን ታውቀዋለች።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው። ዝሆኔ በእውነት እንደ መልክ በዘር የሚወረስ ከሆነ፣ ለልጃቸው የሚያስቡት ወላጆች ጥንቃቄያቸው ያለ ምክንያት ነው ሊባል አይቻልም፤ የማይወረስ ከሆነ ደግሞ በብዙ ሺሕ ቤተ ሰብ ላይ ታላቅ በደል ሲፈጸም ኖሯል ማለት ነው። መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚል አንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ አንባቢያችን በትዕግሥት እንዲከታተለን እንለምናለን።

አስቀድሞ ውርስ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አባቶች «ዘር ከልጓም ይስባል» ሲሉ ልጅ ወደ ወላጆቹ እንደሚሳብ ተናግረዋል፤ ነገር ግን ልጅ አባቱንም እናቱንም ሳይመስል አያቱን መስሎ የሚወለድበት ምክንያት ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ኖረ። ይህን ምሥጢር የገለጠው አንድ መነኵሴ ነው። ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ በምትገኘው በብርኖ ከተማ በቅዱስ ቶማስ ገዳም ይኖር ነበር፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ከ1856 እስከ 1863 ድረስ በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፣ አንዱን ዐይነት ከሌላው ጋር እያዳቀለ፣ ፍሬውን ይቈጥር ነበር። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን አተር ከጨምዳዳው ጋር ባዳቀለ ጊዜ የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ድቡልቡል ሆነ። ጨምዳዳነቱ ጨርሶ የጠፋ መሰለ። ይህንኑ ፍሬ መልሶ ዘርቶ ያገኘውን ምርት ሲቈጥር ግን፣ ከ7,324 ፍሬ 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ው ጨምዳዳ ሆኖ አገኘው፤ ይኸውም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ጨምዳዳነቱ አልጠፋም ነበር፤ በልጁ ተሸሽጎ በልጅ ልጁ ተገለጠ። ሜንዴል ይህን በ1866 ቢያሳትምም ጥቅሙን ያስተዋለ አልተገኘም። ሊቃውንት ሥራውን ፈልገው ያነሡት በ1900 ሲሆን፣ እርሱ ከሞተ ያን ጊዜ 16 ዓመት ሆኖት ነበር።

ያ በአተሩ ውስጥ የተሸሸገው ነገር ዛሬ ዘረ መል ወይም ጂን ይባላል። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ 46 ረቂቅ ክሮች አሉ፤ 23ቱ ከአባት፣ 23ቱ ከእናት የተገኙ ናቸው። ዘረ መሎች በእነዚህ ክሮች ላይ ተሰድረው ይገኛሉ። አንዳንዱ በሽታ በአንድ ዘረ መል መበላሸት ብቻ ይመጣል፤ ይህን የወረሰ ሰው ቢጠነቀቅም ባይጠነቀቅም ብዙ ጊዜ አያመልጥም። አብዛኛው በሽታ ግን እንዲህ አይደለም፤ ከዘሩ ጋር ምግቡ፣ ውሃው፣ ሰውዬው የሚረግጠው መሬት ሳይቀር ድርሻ አለው። ዝሆኔም ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ዝሆኔ ስንል ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እንደምንጠራ ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንዱ በቆላ አገር በትንኝ ንክሻ በሚተላለፍ ቀጭን ትል የሚመጣ ነው። ሁለተኛውና የዛሬው ነገራችን ትልም ተሐዋሲም የሌለበት፣ ከአፈር የሚመጣ የደጋና የወይና ደጋ በሽታ ሲሆን፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው፤ ቃሉም በግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው። ፕራይስ በ1970ዎቹ በሽታው ባለባቸው ቦታዎች እየተዘዋወረ እንዳስተዋለው፣ ሕመሙ የሚገኘው ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበትና ዝናም በሚበዛበት ከፍተኛ ስፍራ ነው። ገበሬው በባዶ እግሩ ሲያርስ ሲኰተኵት ከአፈሩ ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳው ዘልቀው ይገባሉ። በሰውነት ውስጥ ሊምፍ የሚባል ነጣ ያለ ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉ፤ ብናኙ ወደ እነዚህ ገብቶ ያስቈጣቸዋል፣ ውሎ አድሮም ይደፍናቸዋል። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግር ይጠራቀማል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። በመጀመሪያ የእግር ጣቶችና የጣቶቹ ሥር ያሳክካሉ፤ ከሥራ ሲመለሱ እግር ያብጥና ሌሊት ተኝተው ሲነሡ ይጐድላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን ከድካም ይቈጥረዋል። ቈይቶ ግን እብጠቱ መጕደሉን ይተዋል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ጕጥጕጥ ያወጣል። ከዚያም ትኵሳት ያለበት ኀይለኛ ሕመም አልፎ አልፎ እየተነሣ ሰውዬውን ለቀናት አልጋ ላይ ያውለዋል። በወላይታ የተደረገ አንድ ጥናት ሕሙማኑ ከሥራ ቀናቸው ከመቶ 45 ያህሉን እንደሚያጡ አሳይቷል፤ ይህ ማለት የአንድ ገበሬ ዓመት ወደ ግማሽ ተቈረጠ ማለት ነው። በአገራችን በሽታው በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝና 1.5 ሚሊዮን የሚያህል ሰው እንደሚሠቃይበት ባለሙያዎች ገምተዋል። ከሰው ወደ ሰው ግን ፈጽሞ አይተላለፍም፤ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ የታመመውን እግር በእጅ ማጠብ ምንም አያመጣም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሕዝቡ «ዝሆኔ በቤተ ሰብ ይሄዳል» ማለቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በአንድ መንደር፣ ጐን ለጐን ባሉ ማሳዎች፣ ሁሉም በባዶ እግራቸው እየዋሉ አንዱ ቤት ሲታመም ጎረቤቱ ደኅና ሆኖ ይኖራል። ምክንያቱ አፈሩ ብቻ ቢሆን ሁሉም በታመሙ ነበር። በወላይታ በ59 ቤተ ሰቦች ላይ ተደርጎ በ2007 የታተመ ጥናት፣ የበሽተኛ ወንድም ወይም እኅት ከሌላው ሰው ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ለሕመሙ የተጋለጠ መሆኑን ገለጠ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል አነጻጽረው፣ ከሕመሙ ጋር የተያያዘው ልዩነት ኤች ኤል ኤ በሚባለው የ6ኛው ክሮሞሶም ክፍል እንደሚገኝ አሳተሙ። ይህ ክፍል ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይበትን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ነው፤ በቤት ዘበኛ ሊመሰል ይችላል። የአንዱ ሰው ዘበኛ ወደ ውስጥ የገባውን ብናኝ ችላ ሲለው የሌላው ዘበኛ ክፉኛ ይቈጣል፤ የሊምፉን መተላለፊያ የሚያበላሸውም ብናኙ ብቻ ሳይሆን ይኸው ቍጣ ነው ተብሎ ይታሰባል።

እንግዲህ የሚወረሰው ዝሆኔው አይደለም፤ የሚወረሰው እግር ለዚያ አፈር ያለው ድካም ነው። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል እንግለጠው። ያው የ2007ቱ ጥናት የዘር ድርሻ ከመቶ 63 መሆኑን ተናግሯል። ይህን ቍጥር ብዙ ሰው አጥምሞ ይረዳዋል። ከአንድ ሰው ሕመም 63ቱ እጅ ከወላጆቹ፣ የቀረው 37ቱ ከአፈር መጣ ማለት አይደለም። ቍጥሩ የሚለካው፣ ሰው ሁሉ አፈሩን በሚረግጥበት አገር፣ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ልዩነት ከወዴት እንደ መጣ ነው። ሁሉም ጫማ በሚያደርግበት አገር ይኸው ቍጥር ትርጕም ያጣል፤ የሚታመም የለምና። ሜንዴል የቈጠረው ድቡልቡልም ሆነ ጨምዳዳ አተር፣ መሬት ካልነካ ከጎተራ ውስጥ አይበቅልም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ አለ። ይህ በሽታ በሰሜን አፍሪቃ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ፣ እንዲሁም በካናሪ ደሴቶች ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ አይገኝም። የሕዝቡ ዘር አልተለወጠም፤ የመሬቱም ቀለም ያው ነው። የተለወጠው፣ ሰው ሁሉ ጫማ ማድረጉ ነው። አንድ ሕዝብ መድኀኒት ሳይገኝለት፣ ክትባት ሳይወጋ፣ በቆዳና በጎማ ብቻ ከእንዲህ ያለ መከራ ሲገላገል ማየት እጅግ ያስደንቃል።

ወደ ጋብቻው ጕዳይ ስንመለስ፣ በቤተ ሰቡ ዘንድ ዝሆኔ አለ የተባለችው ልጃገረድ ድካሙን ወርሳ እንደ ሆነ ማንም በዐይኑ አይቶ አያውቅም። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጅ ዘረ መል የሚወስደው ግማሹን ብቻ ስለ ሆነ፣ ወንድሟ የወረሰውን እርሷ ላትወርስ ትችላለች። «በቤታችን የለም» የሚለው የሙሽራው ወገንም፣ አባቱና አያቱ ነጋዴ ወይም የከተማ ሰው ሆነው አፈሩን ሳይረግጡ ስለ ኖሩ እንጂ፣ ያንኑ ድካም ተሸክሞ ሳያውቀው ይኖር ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ጤነኞቹ ከሕሙማኑ ቤት አንጋባም ካሉ፣ እነዚያ እርስ በርሳቸው ከመጋባት በቀር ምን መንገድ አላቸው? ድካሙ በሁለቱም ወገን ያለ ከሆነ ደግሞ ለልጆቻቸው የሚደርሰው ከእናትም ከአባትም ይሆናል። ስለዚህ በሽታውን ለማራቅ የተደረገው መገለል በአንዳንድ ቤት ያበረታዋል ማለት ነው።

ይህን ስንል ዘር መቍጠሩን መንቀፋችን አይደለም። የአጎትና የአክስት ልጆች ከዘረ መላቸው አንድ ስምንተኛ ያህሉን ይጋራሉ፤ እንደ ጨምዳዳው አተር ተሸሽጎ የሚኖር በሽታ በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ይበልጥ ስለሚገለጥ፣ የሰባት ቤቱን ሥርዐት የዘመኑ ሕክምና ያመሰግነዋል እንጂ አይቃወመውም። ያለ ማስረጃ የሚኖረው በጆሮ የሚጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ሥጋ ደዌም እኮ በዘር ይወረሳል እየተባለ ስንት ትዳር አፍርሷል! ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 ነው፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

እግሩ ላበጠ ሰውም ተስፋ አለ። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስና ጫማ ማድረግ፣ ያ ትኵሳት ያለበት ሕመም የሚነሣበትን ጊዜ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በየቤቱ ለሚያስታምሙ የምንነግረው ይህ ነው፤ እግሩ በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ተጠንቅቆ ይደረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጣጠቅ ይቀባ፤ ሲቀመጡና ሲተኙ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ። እብጠቱ ገና ሲጀምር ይህን የያዘ ሰው እግሩ ወደ ቀድሞው መጠን ሊመለስለት ይችላል። ያረጀው እብጠት ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ይቀንሳል፣ ሽታውም ይጠፋል። ያበጠው እግር ከገበያ ጫማ ስለማይገባ በልኩ የሚሠራ ጫማ ያስፈልገዋል፤ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ከዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ በዚህ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በደጀ ሰላም ጫማ ማውለቅ ሥርዐታችን ነው፤ እግሩ ያበጠ ምእመን ግን በዚያ በሰው ፊት እግሩን መግለጥ ያፍራል፣ ስለዚህም ቅዳሴውን ከውጭ ከዛፍ ሥር ይሰማል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ይቀራል። ከአጠገቡ የሚቆም ሰው ሥፍራ ለቆለት አብሮት ቢገባ ሥርዐቱም አይጓደል፣ ሰውዬውም ከጸሎት አይቀር። ምንጣፍ በተነጠፈበት ንጹሕ ወለል ላይ ለጥቂት ሰዓት ባዶ እግር መቆም ጕዳት የለውም፤ ጕዳቱ ከቀይ አፈሩ ነው።

በመጨረሻ ለእናቶችና ለአባቶች። ይህ በሽታ በሃያ ዓመት ቢገለጥም ብናኙ መግባት የሚጀምረው ልጁ ከብት መጠበቅ ከጀመረበት ቀን ነው፤ በተለይ በቤተ ሰቡ ዝሆኔ ያለበት ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ጫማ ሊገዛለት ይገባል። እግርን ከላይ የሚሸፍን ጫማ ከበረባሶ ይሻላል። ብዙ ቤት እንደምናየው ግን ጫማው የክት ይሆናል፤ ልጁ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ አድርጎት ይሄዳል፣ ተመልሶ ወደ ማሳ ሲወርድ እንዳይበላሽ አውልቆ ከቤት ይሰቅለዋል።